ስቲከሩ አይ ፋይቭ ይላል

ወለተሥላሴ ድርሻዋን የሰማችው ብርጭቆ እያጠበች ነው። የእናቷ አርባ ወጥቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ የድንኳኑ ገመድ በሚፈታበት ሰዓት ሁለቱ ወንድሞቿ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ ቆመው ያወሩ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም። ቆራጩ ታላቅየው ወልደገብርኤል ነበር። የፊቱ ቤት ለጨርቅ ነጋዴ መጋዘን ይከራያል፣ ኪራዩን ሁለቱ ወንድማማቾች ይካፈላሉ፣ እሷ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ይዛ ትቀመጣለች። «ለእሷ ኮምፒውተሩ ይበቃታል። ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ገንዘቡን ምን ታደርገዋለች?» አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናታቸውን ያገላበጠችው፣ ለዚያም ብላ የጸሐፊነት ሥራዋን የለቀቀችው እሷ መሆኗን አንዳቸውም አላነሱትም። ታናሽየው ተስፋሚካኤል «እሺ፣ ኮምፒውተሩን እኔ አጽድቼ እሰጣታለሁ» አለ። እንግዲህ የሰውን ልብ ተመልከቱ፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ወለተሥላሴ የያዘችው ይህችን የመጨረሻዋን ነበር። ብርጭቆውን ደፍታ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። አንድ ወንድም አላጣሁም ብላ ተጽናናች።

እውነትም ተስፋሚካኤል ቃሉን ጠበቀ። በሳምንቱ ዓርብ መጥቶ ኮምፒውተሩን በመኪናው ጭኖ ወሰደ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መልሶ አመጣላት። ኬዙ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ያብለጨልጭ ነበር። የወጣው አቧራ ሁለት ጣሳ ይሞላል ብሎ አሳቃት። እሷም እናታቸው ታደርግ እንደነበረው ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሩ ላይ እንትፍ ብላ መረቀችው። የልጅህን ወግ ማዕረግ ያሳይህ፣ እጅህ የነካው ይባረክ አለችው። በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ በልጅነቷ አዝላው ያደገች ስለሆነች መመረቁ ያምርባታል። ተስፋሚካኤል ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ አዘገመ። ጽዳት ስላልለመደ ታሞ ነው እያለች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

ይኸው አምስት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ በፊቱ ቤት የነጋዴው ሠራተኞች የጨርቅ ጣቃ እያወረዱ ወለሉን ይደበድቡታል። የእሷ ሰርቪስ አልጋው፣ የእንጨት ጠረጴዛውና የእናቷ ዊልቸር ሲገቡባት መዞሪያ የማይተርፋት ክፍል ናት። ዊልቸሩን ማንም አልፈለገውም። ወለተሥላሴ ግን ክንድ ማሳረፊያም ጎማም አለው ብላ የመጻፊያ ወንበር አደረገችው፤ አሁን ያለሱ አይመቻትም። የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጭና ፊቷን ታጠበች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ ሻይ አፍልታ በትናንት ዳቦ ጠጣች። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ገና ትዞራለች። በፊት በእናቷ ራስጌ ተቀምጣ የእድሩን ቃለ ጉባኤና የጎረቤቱን ማመልከቻ ሁሉ ስትጽፍበት እንዲህ አልነበረም። ተስፋ ቆርጣ አጠፋችው፣ ገመዶቹን ነቀለች፣ ኬዙን በአንሶላ ጠቀለለች።

ነገሩ የሚያስቸኩል ነበር። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ፣ አቶ ቱሉ፣ የራሷን ማሽን ይዛ የምትመጣ ጸሐፊ ይፈልጋሉ መባሉን ሰምታ ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩን ይዛ ሄዳ ተፈትና ነበር። ሦስት ገጽ የመከላከያ መልስ አጻፏት። ጣቶቿ አልረሱም፤ ጽፋ ጨርሳ እጇን ካጠፈች በኋላ ግን ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይመጡ ነበር። አቶ ቱሉ ቆመው አዩና «እትዬ፣ እጅሽ ሸጋ ነው። ማሽንሽ ግን ቀጠሮ ያሳልፍብኛል። ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ አስቀይሪና ሰኞ ጠዋት ነይ፤ ካልሆነ ሌላ ሴት ተራ ይዛለች» አሏት። ደመወዙ የሚያጓጓ አልነበረም። ያ ቢሮ ግን ሁለት ረዳት ጠበቆች፣ አንዲት ተላላኪና ቀኑን ሙሉ የሚወጣ የሚገባ ባለጉዳይ አለው። ከእናቷ ሞት ወዲህ ወለተሥላሴ ስሟን የሚጠራ ሰው ሳትሰማ ሦስት ቀን የምትቆይበት ጊዜ አለ። የዚያን ቢሮ ጠረጴዛ ያን ያህል የፈለገችው ለዚህ ነው። ሐሙስ ማታውኑ ተስፋሚካኤል ጋ ደውላ የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ ብላ ጠይቃው ነበር። «አርጅቶ ነው እትዬ፣ ምንም አትግዢ፤ ለማመልከቻ ይበቃሻል» አለና ሰው አለ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የሰሚራ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤትና በአንድ ጫማ ሰፊ መካከል የተሰነቀረች ናት። ሰሚራ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ዝም ያለች ሴት ስትሆን የእድሩን ፕሪንተር ስትጠግን ነው ወለተሥላሴ ያወቀቻት። ግድግዳው ላይ የተከፈቱ ኮምፒውተሮች ሆዳቸውን አውጥተው ተደርድረዋል፤ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ዋጋቸው በወረቀት የተለጠፈባቸው ራሞችና ፕሮሰሰሮች አሉ። ወለተሥላሴ አንሶላውን ሳትፈታ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ሄደ። አንዱ ፕሮሰሰር አራት ሺህ አምስት መቶ ይላል። ቦርሳዋ ውስጥ አምስት ሺህ ብር አላት፤ ያላትም እሱ ብቻ ነው።

«ያንን ስጪኝ፤ ፕሮሰሰር ልቀይር ነው የመጣሁት» አለች።

«እሱን መሸጥ አያቅተኝም» አለች ሰሚራ፣ «ግን መጀመሪያ ማዘርቦርድዎት፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ምን እንደሚቀበል እንይ። ሰው ሳያይ ይገዛና በማግስቱ መጥቶ እኔን ይሰድበኛል።»

የኬዙን ጎን ፈታች፣ በስልኳ መብራት ውስጡን አየች፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስልኳ ላይ ጽፋ ዝርዝሩን አወጣች። እያነበበች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የወለተሥላሴ ቦርድ የሚቀበለው ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ስምንተኛ ነው። መቀመጫቸው አንድ ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ክዳኑም ይዘጋል፣ ማቀዝቀዣ ፋኑም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ይሆናል።

«ከገባ ለምን አይሠራም?» አለች ወለተሥላሴ።

«አይተዋወቁማ። ቦርዱ አያውቀውም። ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚበላው» አለች ሰሚራ፤ ቀጥላም «አሁን ያለው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ስቲከሩ አይ ፋይቭ ይላል» አለች ወለተሥላሴ ኬዙ ፊት ላይ ያለችውን ሰማያዊ ምልክት እያሳየች።

ሰሚራ ስቲከሩን አየች፣ ከዚያ ከፕሮሰሰሩ በላይ የተቀመጠውን ፋን አየች። ክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ጥጥ ታጭቋል። ብሎኖቹን ፈታ ፋኑን ስታነሳው ከሥሩ ሙቀት ማስተላለፊያው ነጭ ቅባት፣ ፔስቱ፣ እንደ ቅቤ ተሳበ። በጨርቅ ጠርጋ ፕሮሰሰሩ ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ወለተሥላሴ የሐኪም ፊት እንደሚያይ በሽተኛ ትጠብቃት ነበር። «ይሄ አይ ፋይቭ አይደለም፣ ሴሌሮን ነው» አለች ሰሚራ በመጨረሻ። «ከዚህ በታች ያለ የለም ማለት ይቻላል። ፔስቱ ደግሞ አዲስ ነው፤ የቆየ ቢሆን እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። በቅርብ ማን ከፈተው?»

«ወንድሜ። ሊያጸዳልኝ ወስዶት ነበር።»

ሰሚራ ዓይኗን ፋኑ ላይ ጣለች። ወለተሥላሴም ያንን አቧራ አየችው። ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ የእናቷ ክፍል አቧራ፣ አንድ ጣት እንኳ ያልነካው። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም፤ እፍረት ነው። ያን ቀን ጭንቅላቱን ይዛ ስትመርቀው የታየች መሰላት፤ ይህች የማታውቃት ሴት፣ ጫማ ሰፊው፣ መንገደኛው ሁሉ ቆመው ሲያይዋት። ከእፍረቷም የተነሳ «ሳያውቅ ተቀይሮበት ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ቀጠነባት። ሰሚራ የልብ ሴት ስለሆነች በዚህ አልተከራከረቻትም። ነገሩን ብቻ ነገረቻት። «ለዚህ ቦርድ የሚስማማው ፕሮሰሰር እዚሁ የነበረው ነው፤ ሰባተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ። እኔ ጋ አሁን የለም። ማክሰኞ ይመጣልኝ ይሆናል፤ ሰባት ሺህ አያጣም።» ሰኞ ከማክሰኞ በፊት ነው፣ አምስት ሺህም ከሰባት ሺህ ያንሳል፤ ወለተሥላሴ ለማስላት ጊዜ አልፈጀባትም። ሰሚራ አቧራውን በንፋስ አራገፈች፣ መልሳ ገጠመች፣ ለዚህ አላስከፍልም አለች።

ተስፋሚካኤል ወደሚኖርበት ሰንጋ ተራ በእግሯ ሄደች። ታክሲ እንደልብ ነበር፤ እሷ ግን አርፋ መቀመጥ አልቻለችም። ኬዙ ክንዷን ሲያዝላት አንሶላውን ትከሻዋ ላይ አስራ ጀርባዋ ላይ አደረገችው። በዚሁ ሰፈር፣ በዚሁ መንገድ፣ ተስፋሚካኤልን እንዲህ አዝላ ወፍጮ ቤት ትሄድ ነበር። አሁን ስታስበው በጣም ያመማት ፕሮሰሰሩ አይደለም። ወልደገብርኤል ቤቱን ሲወስድ ፊት ለፊት ነው የወሰደው፤ ታላቅ ነኝ ብሎ፣ በሰው መካከል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ከእሱ ምንም አልጠበቀችም፤ ምንም አልጎደለባትም። ይህኛው ግን ደግ መስሎ መጣ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው አስቦልኛል ብላ አምስት ሳምንት የኖረችበትን ነገር ነው ከሥሯ የነቀለው። መንገድ ላይ ቢሆንም፣ ሰው ቢያያትም፣ አለቀሰች።

ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። በሩን የከፈተችላት የተስፋሚካኤል ልጅ ናዝሬት ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ ትማራለች። «እቴቴ፣ ምን ተሸክመሽ ነው በዚህ ደረጃ?» ብላ ጥቅሉን ተቀበለቻትና ምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እናቷ ዕቁብ ሄዳለች፤ አባቷ ምሳ በልቶ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ፣ ተኝቷል። ናዝሬት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አክስቷን ወደ ክፍሏ ወሰደቻት፤ የምታሳያት ነገር ነበራት። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይ መብራት የሚበራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቤት ይታያል፤ በጣቷ ስታዞረው ቤቱ ይዞራል፣ በሩ ይከፈታል፣ መስኮቱ ውስጥ ፀሐይ ትገባለች። «በፊት ይሄን ለማዞር ምሳ በልቼ ነበር የምመለሰው» አለች እየሳቀች። «አባቢ ፕሮሰሰር ገዝቶ አስገባልኝ። የኔ ቦርድ አሮጌ ስለሆነ ስድስተኛና ሰባተኛ ብቻ ነው የሚቀበለው። ብዙ ዞሬ ነው ያገኘሁት አለኝ።» ወለተሥላሴ ቤቱን አየች። የሚያምር ቤት ነው። ከኋላው ትንሽ ሰርቪስ እንኳ አለው።

በዚህ መካከል ተስፋሚካኤል ነቃ። ከክፍሉ ሲወጡ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንሶላና ከሥሩ ብቅ ያለውን ሰማያዊ ስቲከር እያየ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ዘይት ታወራለች። ወለተሥላሴ ቁጭ በይ ሳትባል ቁጭ አለች። ናዝሬት አንዴ አባቷን፣ አንዴ አክስቷን አየች፤ ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፣ የራሷን ክፍል በር ዞር ብላ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለፈተናዋ ነው» አለ ተስፋሚካኤል፤ ምንም ሳትጠይቀው። «ፕሮጀክት ነበረባት። ገበያ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አንቺ የምትጽፊው ማመልከቻ ነው እትዬ፣ ለማመልከቻ ያ ሁሉ ምን ያደርግልሻል? አታውቂውም ብዬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ወለተሥላሴ ደረጃውን ስትወጣ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። ያንን የሚዞር ቤት ካየች በኋላማ ለልጅቷ ብላ ትታው ልትወርድ ትንሽ ነበር የቀራት። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር ለማለት አፏን ከፍታለች፤ የምትለውም እውነት ነበር። ነገር ግን «ምን ያደርግልሻል» የሚለውን ስትሰማ ከቆርቆሮው ወዲያ የሰማችው የወልደገብርኤል ድምፅ መጣባት። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ አፍ ነበራቸው፤ አንደኛው ጮክ ብሎ፣ አንደኛው በሹክሹክታ።

«አውጣልኝ» አለች።

ተስፋሚካኤል እየተቅለሰለሰ ተነሳ። ብሎን መፍቻውንና የተረፈችውን የፔስት ቱቦ ከመሳቢያ አወጣ፣ የልጁን ኮምፒውተር አምጥቶ ከእህቱ ኮምፒውተር አጠገብ አስተኛው። ሥራውን ያውቃል። ሁለቱንም ከፈተ፣ ፋኖቹን አነሳ፣ አንዱን ከዚህ ነቅሎ እዚያ፣ አንዱን ከዚያ ነቅሎ እዚህ አስቀመጠ፤ ፔስት ቀባ፣ ጠረገ፣ አሰረ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ወለተሥላሴ እጆቹን ታይ ነበር፤ በልጅነቱም እንዲህ ሬዲዮ ሲፈታ ዝም ብሎ ነበር የሚሠራው፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ። ያኔ ምሳውን አጠገቡ አስቀምጣ ብላ ብላ ትለው ነበር። አሁን በሦስቱ መካከል ከብሎን ድምፅ በቀር ምንም የለም። ናዝሬት ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ቆማለች። መጨረሻ ላይ የወለተሥላሴን ኬዝ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ተጫነ፤ ሰው «አቤት» ለማለት በሚፈጅበት ጊዜ ተከፈተ።

«እኔ አላወቅሁም ነበር እቴቴ» አለች ናዝሬት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አለች ወለተሥላሴ። ሰኞ ይህች ልጅ ያንን ቤት ለማዞር ተቀምጣ እንደምትጠብቅ ታውቃለች፤ አንጀቷን በላት። ቢሆንም አንሶላዋን ጠቅልላ አሰረች።

ተስፋሚካኤል በሩ ድረስ ተከተላት። ላብ ግንባሩ ላይ፣ ያን ቀን እንትፍ ብላ በመረቀችበት ሥፍራ፣ ጤዛ ሠርቷል። እጅጌዋን ያዘ፤ ልክ ትምህርት ቤት ልታደርሰው ስትሄድ እንደሚይዛት። «ይኸው መለስኩልሽ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻ እንዳትረግሚኝ እትዬ። ልጅ አለችኝ። የእናታችን ቦታ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ወለተሥላሴ ፊቱን ፈልጋ አየችው። የተጸጸተ ፊት ቢሆን ታውቀው ነበር፤ ስኳር ሰርቆ፣ ደብተር ጥሎ፣ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ይህ የፈራ ሰው ፊት ነው። እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አይዞህ፣ አልረግምህም» አለችው። «መርገምም ለዘመድ ነው።»

አራቱን ፎቅ ሳታርፍ ወረደች። ታክሲ ተራው ላይ ወደ ሰፈሯ፣ ወደ አብነት፣ የሚሄድ ሚኒባስ አግኝታ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር በመስኮቱ በኩል ገባች፤ ኬዙን አጠገቧ አስቀመጠችው። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ አንሶላውን በዓይኑ ለክቶ የሰው ቦታ ስለያዘ የሁለት ሰው ትክፈል አለ። ከኋላ አንድ አዛውንት «ኧረ ተው፣ ዕቃ ነው፣ ጭኗ ላይ ትያዘው» ብለው ተቆጡላት። ሰው ሁሉ ክርክሩን ሊሰማ ዞሮ ነበር። ወለተሥላሴ አልተከራከረችም፤ የሁለት ሰው ከፈለች፣ መልሱንም ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። ሚኒባሱ ትንሽ ሄዶ ቆመና ዘንቢል የያዘች ሴት ገባች። ጎንበስ ብላ ወደ ወንበሩ አየች።

«እዚህ ሰው አለ?» አለች።

«የለም» አለቻት ወለተሥላሴ። «ግን ተከፍሎበታል።»